ክርክር፦ አሮጌው ኔትወርክ ሲዘጋ መደወል ያቃተው ስልክ የማን ዕዳ ነው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የስልክ ኩባንያዎች 2ጂና 3ጂ የሚባሉትን አሮጌ የሞባይል ኔትወርኮች በየተራ እየዘጉ ነው። በጃፓን ዶኮሞ 2ጂን የዘጋው በ2012 ነው። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ 2ጂን በ2016 ማብቂያ፣ 3ጂን በፌብሩዋሪ 2022 አቆመ። በአውስትራሊያ ደግሞ 3ጂ በ2024 ተዘጋ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስልኩ አልተሰበረም። ባትሪውም ደህና ነው። ግን አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቱ ሲደውል አልሄድ ይለዋል። የአዲሱን ስልክ መግዣ ማን ይክፈል? እኔ የዘጋው ኩባንያ ይክፈል ባይ ነኝ። እስቲ ሞግቱኝ።

ኢንጂነሩ፦
እሞግትሻለሁ እህቴ። የሬዲዮ ሞገድ እንደ መሬት ነው፤ አይጨመርም። 2ጂ የያዘውን ሞገድ 4ጂ ቢይዘው ብዙ እጥፍ ዳታ ያስተላልፋል። በዚያ ላይ 2ጂ ለተጠቃሚው አደጋ አለው። ስልኩ ማንነቱን ለኔትወርኩ ያረጋግጣል፣ ኔትወርኩ ግን ለስልኩ አያረጋግጥም። ስለዚህ አንድ አጭበርባሪ የሐሰት አንቴና ቢተክል ስልክሽ አምኖ ይገባል። ጥሪው የሚመሰጠርበት የቆየ ዘዴም ከተሰበረ ሰንብቷል። የመጀመሪያው የጂኤስኤም፣ ማለትም የ2ጂ፣ ጥሪ ፊንላንድ ውስጥ የተደረገው በ1991 ነው። ይህን ያህል ያገለገለን ነገር በቃ ማለት ግፍ አይደለም። የ2007ቱ የመጀመሪያ አይፎን ከ2ጂ በላይ አያውቅም ነበር። ኤቲ ኤንድ ቲ ሲዘጋ ስልኩ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። እሱንም ኩባንያው ይተካ?

ጠጋኙ፦
ወንድሜ፣ የ2007ቱን ተወው። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው የያዘው ስማርትፎን ነው። አናቱ ላይ 4ጂ ይላል። «4ጂ እያለ ለምን አይደውልም?» ይለኛል። ጥያቄው ትክክል ነው።

መልሱን እዚህም ልጻፈው። 4ጂ ከመነሻው የተሠራው ለዳታ ነው። እንደ 2ጂና 3ጂ ለድምፅ ብቻ የሚከፈት መስመር የለውም። ስለዚህ ጥሪ ሲመጣ ስልኩ ወይ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ወርዶ ያነሳል፣ ሲጨርስ ይመለሳል። ወይ ደግሞ ድምፁን ራሱን እንደ ዳታ በ4ጂ ይልካል። ቮልቲ የሚባለው ይሄኛው ነው። ቀደም ብለው ከወጡት የ4ጂ ስልኮች ብዙዎቹ ቮልቲ የላቸውም። መውረጃው ሲዘጋባቸው ኢንተርኔቱ እየሠራ ጥሪው ይሞታል።

ቮልቲ ያለውም ቢሆን አላመለጠም። አምራቹ ለየኩባንያው የሚሆን ማስተካከያ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያስገባል። ለአንዱ ኩባንያ የተሠራ ቀፎ በሌላው ሲም ሲሞከር ቮልቲው ላይከፈት ይችላል። ስሙ አንድ፣ መልኩ አንድ፤ አንዱ ይደውላል፣ አንዱ አይደውልም። እኔ ራሴ ከሌላ አገር የመጣ ስልክ ገዝቻለሁ። ሻጩ «4ጂ ነው፣ የትም ይሠራል» አለኝ። ዳታው እንዳለው ሠራ። ጥሪው ግን ከ3ጂ በቀር በምንም አይሄድም። ሙያዬ ሆኖ እኔ ካመለጠኝ ሌላው ሰው በምን ይወቅ?

ተማሪው፦
ሁለቱንም ባንዴ መዝጋት ግን ግዴታ አይደለም። ጀርመን በ2021 3ጂን ዘግታ 2ጂን አቆየች። ባለ ቁልፉ ስልክ መደወሉን ቀጠለ። ቮልቲ የሌለው ስማርትፎንም ለጥሪ ወደ 2ጂ ይወርዳል። ኢንጂነሩ የተናገረው አደጋ አብሮ መቆየቱን አልክድም። ቢያንስ ግን ሰው ከጥሪ አይቆረጥም።

መምህርቷ፦
እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ነው። የአውስትራሊያን ነገር አስታውሱ። አንዳንድ ስልኮች የዘወትር ጥሪን በ4ጂ ያለ ችግር ያደርሳሉ። ወደ አደጋ ቁጥሩ ወደ 000 ሲደወል ግን በ3ጂ ብቻ እንዲሄዱ ተደርገው ነው የተሠሩት። ባለቤቱ በየቀኑ ከልጁ ጋር ያወራል። ስልኬ ደህና ነው ይላል። እሳት የተነሳ ቀን ግን ስልኩ ዝም። በዚህ ስጋት ምክንያት የአገሩ የስልክ ኩባንያ ቴልስትራ መዝጊያውን ከጁን ወደ ኦገስት፣ ከዚያም ወደ ኦክቶበር 28 ገፋው። በመጨረሻም የአደጋ ጥሪ የማይችሉ ስልኮች ከኔትወርክ እንዲታገዱ ታዘዘ።

ኢንጂነሩ፦
መምህርት፣ እገዳውን ይቃወማሉ? በጭንቅ ቀን የሚከዳ ስልክ ይዞ መተማመን ይበልጥ ይጎዳል።

መምህርቷ፦
አልቃወምም። የምጠይቀው ከእገዳው በፊት ያለውን ነው። ለሽማግሌ አባት አንዲት አጭር መልእክት ልኮ «ነግረናል» ማለት ይበቃል? መልእክት ማንበብ የማይችልስ?

ጠጋኙ፦
እኔም እዚህ ላይ ነኝ። ኩባንያው አላወቅኩም ማለት አይችልም። *#06# ስትሉ የሚመጣው ባለ 15 አኃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር (አይኤምኢአይ) የመጀመሪያዎቹ ስምንት አኃዞች የስልኩን ሞዴል ይናገራሉ። ኔትወርኩ ላይ ያለው ቀፎ ምን እንደሆነ፣ በቮልቲ ደውሎ ያውቅ እንደሆነ ኩባንያው ያያል። ስም በስም ያውቃል ማለት ነው። እያወቀ በጅምላ ማስታወቂያ ማለፍ የለበትም።

ኢንጂነሩ፦
ይህንን እቀበላለሁ። ሁሉንም ስልክ ይተካ የሚለውን አሁንም አልቀበልም። ግን ቮልቲ የሌለው ስልክ የመዝጊያው ቀን ከተነገረ በኋላ የሸጠ ኩባንያ መተካት አለበት። ለሌላው ደግሞ በግል ደውሎ ይንገር። ሲሆን ሲሆን ለተቸገረው ቀላል ስልክ ያቅርብ። ስልክ ብቻም እንዳይመስላችሁ። ከማርች 2018 ወዲህ በአውሮፓ ለአዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ግዴታ የሆነው የአደጋ ጥሪ መሣሪያ መጀመሪያ የተሠራው በ2ጂና 3ጂ እንዲደውል ነበር። መኪና እንደ ቀፎ በየሦስት ዓመቱ አይቀየርም።

ጠያቂዋ፦
ቤት ሆኜ ስልኬን የምፈትሽበት መንገድ አለ?

ጠጋኙ፦
አለ። ደውይና ጥሪው ተነስቶ እያወራሽ የኔትወርኩን ምልክት እይ። 4ጂ ላይ ከቆየ ቮልቲ እየሠራ ነው። ወደ 3ጂ፣ ወደ ኤች (H) ወይም ወደ ኢ (E) ምልክት ከወረደ አይደለም። መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ የቮልቲ ማብሪያው ጠፍቶ እንደሆነ ፈልጊ፣ ሶፍትዌሩንም አፕዴት አድርጊ። የአደጋ ጥሪውን ግን ይህ አያሳይሽም። ለሙከራ ብለሽም ወደ አደጋ ቁጥር አትደውይ፣ የተቸገረ ሰው መስመር ትይዣለሽ። እሱን ኩባንያውን በሞዴሉ ጠይቂ።

ጠያቂዋ፦
የኔው 4ጂ ላይ ቆየ። የእናቴ ወደ ኤች ወረደ። ማብሪያውን ፈለግኩ፣ ጭራሽ የለውም። ኢንጂነር፣ ይህን ስልክ የሸጠላት የመስመሯ ኩባንያ ራሱ ነው። ነገ ሄጄ የመዝጊያውን ቀን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ።