የኤስኦዲ1 ጂን ውጤት ላይ እርዳታ እፈልጋለሁ

ታላቅ ወንድሜ ኤኤልኤስ (ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮችን ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ) አለበት። ግራ እግሩ ላይ ጀምሮ አሁን እጆቹም እየደከሙ ነው፤ መዋጥና መተንፈስ ግን ገና አላስቸገረውም። የበሽታውን ሂደት የሚያዘገየውን ሪሉዞል 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይወስዳል። አባታችንም በዚሁ በሽታ ስላረፉ የጂን ምርመራ አስደረግን። ኤስኦዲ1 ላይ ለውጥ ተገኘ፤ ወረቀቱ ግን «በሽታ አምጪነቱ ያልተረጋገጠ» ይላል።

በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ቶፈርሰን ለዚሁ ጂን የተሠራ፣ በወገብ በኩል ወደ አከርካሪ ፈሳሽ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ለውጡ ሳይረጋገጥ አላዝም አሉ። ላቦራቶሪውን ብንጠይቅ «ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ» ብሎ መለሰን፤ ምን ዓይነት እንደሆነ አልነገረንም። የሞተ የነርቭ ሴል ስለማይመለስ መጠበቁ ያስፈራኛል። አንዲት አክስታችንም ተመሳሳይ ድካም ጀምሯታል፤ ለመመርመር ፈቃደኛ ናት።

ውጤቱ እንደገና እንዲመደብ ይበልጥ የሚረዳው የእሷ የጂን ምርመራ ነው ወይስ የወንድሜ የኒውሮፊላመንት (ነርቭ ሲጎዳ ወደ ደምና አከርካሪ ፈሳሽ የሚወጣ ፕሮቲን) መጠን?