ጅማ ላይ የሂሳብ ሥራ ስፈልግ ምን ብዬ ልጻፍ?

የሄርማታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄአለሁ፣ የሥራ ልምድ የለኝም። ጉግልና ቴሌግራም ላይ «ሥራ ጅማ» ብዬ ስፈልግ የሚመጣው ወይ ጊዜው ያለፈበት፣ ወይ አዲስ አበባ የሆነ፣ ወይ አምስት ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ነው። የትኞቹን ቃላት ልጠቀም?

ከአጂፕ፦
እህቴ፣ «ሥራ» የሚለውን ተዪው። ቀጣሪው የሚጽፈው የመደቡን መጠሪያ ነው፣ ለአንቺ ትምህርት የሚሆነው መደብ ደግሞ ስሙ ብዙ ነው። ጁኒየር አካውንታንት፣ ኮስት አካውንታንት፣ ፋይናንስ ኦፊሰር፣ ካሸር፣ ጁኒየር ኦዲተር እያልሽ እያንዳንዱን በእንግሊዝኛ ፊደል ለየብቻ ፈልጊ። ባንክ ከሆነ ትሬይኒ የሚለውን ጨምሪ። በአማርኛ «የሂሳብ ሠራተኛ»፣ «ገንዘብ ያዥ»፣ «የውስጥ ኦዲተር» በይ።

ጉግል ላይ ሁለት ቃል ያለውን መደብ በትእምርተ ጥቅስ ክበቢው፤ ካልከበብሽው ቃላቱ ተለያይተው ያሉበትን ገጽ ሁሉ ያመጣብሻል። የማትፈልጊውን ቃል፣ ለምሳሌ ሲኒየርን፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርገሽ አስወጪው። በምልክቱና በቃሉ መካከል ክፍተት ካለ ግን አይሠራም። ልምድ ለማይጠይቅ መደብ «0 ዓመት»፣ «ዜሮ ዓመት» እና «አዲስ ተመራቂ»ን ሞክሪ።

ቆጪ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን የአማርኛው ፍለጋ የራሱ ችግር አለው። ቴሌግራም ፊደሉን እንዳለ ነው የሚያነበው። «ሂሳብ» ብለሽ ስትፈልጊ «ሒሳብ» ተብሎ የተጻፈው ያመልጥሻል፤ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ጸሐፊ» እና «ፀሀፊ»ም እንደዚያው። አራቱንም አምስቱንም አጻጻፍ መሞከር አድካሚ ነው፣ ግን የሚያዋጣው እሱ ነው።

ሌላው ቃሉ ላይ የሚለጠፈው ፊደል ነው። ማስታወቂያው «በጅማ»፣ «ለጅማ»፣ «የጅማ» ይላል እንጂ «ጅማ» ብቻውን ላይገኝ ይችላል። «ጂማ» ብሎ የሚጽፍም አለ። በላቲን ፊደል ደግሞ አንዱ በሁለት ኤም፣ ሌላው በአንድ ኤም ይጽፈዋል፤ በአፋን ኦሮሞ መጨረሻው ላይ ሁለት ኤ አለው። ሦስቱንም ሞክሪ።

የሄርማታዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዓመተ ምሕረቱን ብጨምርበት አሮጌዎቹ አይቀሩም?

ከአጂፕ፦
ቁጥሩን ብቻውን አትጻፊ። «2018» ብትዪ በፈረንጆቹ 2018 የወጣውም ይቀላቀልብሻል። የወሩን ስም አስቀድሚ፣ «ጥቅምት 2018» እንደማለት። ለእንግሊዝኛው ማስታወቂያ ግን የጉግልን የጊዜ ማጣሪያ ከፍተሽ ያለፈውን ሳምንት መምረጥ ይሻላል።

መንደራ፦
ጅማን ብቻ አትፈልጊ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ድርጅት ርእሱ ላይ አዲስ አበባ ብሎ ጅማን ከታች፣ «የሥራ ቦታ» በሚለው መስመር ያስገባታል። ስለዚህ «ጅማ ዲስትሪክት»፣ «ጅማ ቅርንጫፍ» በዪ፤ አጋሮን፣ በደሌንና ቦንጋንም ጨምሪ። ከባንክ ውጪ ቡና ላኪ ድርጅቶችና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎችም የሂሳብ ሰው ይፈልጋሉ። እዚያ «ኮስት» እና «ስቶር» የሚሉት ቃላት ከ«አካውንታንት» ይልቅ ሊያገኙልሽ ይችላሉ፣ ምክንያቱም ዕቃ ቆጠራና የምርት ወጪ ስሌት ዋናው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። ብዙ ማስታወቂያ ከጋዜጣ ወይም ከግድግዳ ፎቶ ተነስቶ ነው የሚለጠፈው። ፎቶ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ የቴሌግራም ፍለጋ አያገኘውም፣ የትኛውንም ቃል ብትጽፊ። የቻናሉን ስም ነክተሽ ሚዲያ የሚለውን ክፈቺና የሳምንቱን ፎቶዎች በዓይንሽ እያቸው። ያገኘሽው ማስታወቂያ ለምዝገባ ብር ላኪ ካለሽ ግን ምንም አትላኪ፤ ድርጅቱ ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ።