በገና የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ እንስሳት ይናገሩ ወይስ ዝም ይበሉ?

የመጽሐፉ አዘጋጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች የማዘጋጀው የገና መጽሐፍ ረቂቁ አልቋል። ጸጥ ያለ ታሪክ ነው፦ ከናዝሬት የመጣች የደከማት አህያ፣ በበረቱ የምታመሰኳ ላም፣ ከእረኞቹ ጋር የመጣች ግልገል። ሕፃኑ ሲወለድ ተራ በተራ ያናግሩታል፤ ላሟ «ገለባዬን ውሰድ» ትለዋለች። ያሳየኋቸው መምህር ግን «በወንጌል የሌለውን በልጅ ልብ አትትከይ» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ እዚሁ ላስረዳ። ሉቃስ 2፥7 «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው በግርግም አስተኛችው» ይላል። ላም አይልም፣ አህያም አይልም። ልጅ መጀመሪያ የሰማውን አይረሳም። አድጎ ወንጌሉን ራሱ ከፍቶ አህያዋን ሲያጣት «ታዲያ ሌላውስ እውነት ነው?» ይላል። የምፈራው ያንን ቀን ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ላምና አህያ በትንፋሻቸው አሞቁት እያላችሁ በየገናው የምታስተምሩን እናንተው አይደላችሁም? እኔ ለልጆቼ የምነግራቸው ከእናንተ የሰማሁትን ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦ እውነትሽን ነው እህቴ፣ አስተምሬአለሁ፤ ነገም አስተምራለሁ። ትውፊታችን ነው፣ ሥሩም ኢሳይያስ 1፥3 ላይ አለ፦ «በሬ የገዢውን አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ፤ እስራኤል ግን አላወቀም»። ነገር ግን ትውፊቱ እስትንፋስ ሰጣቸው እንጂ አንደበት አልሰጣቸውም። ልዩነቱ ለእኔ ትንሽ አይደለም።

የሥነ ጥበብ አስተማሪ፦ ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ሚላኖ በቅዱስ አምብሮስዮስ ቤተ ክርስቲያን ባለው የ4ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ የሬሳ ሣጥን ላይ ሕፃኑ በበሬና በአህያ መካከል ተቀርጿል፤ እመቤታችን እንኳ አልተቀረጸችም። እ.ኤ.አ. በ1223 ደግሞ የካቶሊኩ ቅዱስ የአሲሲው ፍራንቸስኮ ግሬቾ በምትባል የጣሊያን መንደር እውነተኛ በሬና አህያ አቁሞ የልደትን ሌሊት ለሕዝብ አሳየ። የሮማው ፓፓ ቤኔዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2012 በጻፉት መጽሐፍ ወንጌል እንስሳትን እንደማይጠቅስ ሲናገሩ ጋዜጦች «ፓፓው አህያዋን አባረሯት» ዓይነት ወሬ አራገቡ። እሳቸው ግን እዚያው ላይ ኢሳይያስን ጠቅሰው፣ የግርግም ሥዕል ያለ በሬና አህያ ሙሉ እንደማይሆን ጽፈዋል። እንግዲህ ሥዕሉ ውስጥ ይኑሩ የሚለው ላይ የተጣላን አይመስለኝም። ክርክሩ ያለው ንግግሩ ላይ ነው።

አንድ አባት፦ ንግግሩስ ቢሆን ምን ነውር አለው? በዘኍልቍ 22 የበለዓም አህያ ተናግራ የለም እንዴ? ያውም ነቢዩ ያላየውን መልአክ ቀድማ ያየችው እሷ ናት።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦ የእሷን አፍ የከፈተው እግዚአብሔር ነው። እዚህ የሚከፍተው ደራሲው ነው።

(ለዚህ መልስ ማንም አልመለሰም። እኔም እስካሁን መልስ የለኝም። — አዘጋጅ)

ወሎ ገጠር ያደገ፦ እኔን ያስቆጣኝ ሥዕሉ ነው። የእንጨት ጎጆ፣ ጣሪያው ላይ በረዶ! ቤተልሔም የልደት ቤተ ክርስቲያን የተሠራው እኮ በዋሻ ላይ ነው። ሰማዕቱ ዮስጢኖስም ገና በ2ኛው ክፍለ ዘመን ጌታ በዋሻ እንደተወለደ ጽፏል። እኛ ቤት ጥጆቹ የሚያድሩት ከእኛው ጋር ነበር፣ በመካከላችን አንዲት አጥር ብቻ። በታኅሣሥ ውርጭ እጄ ሲደነዝዝ ጥጃዋ አፍንጫ ሥር አደርገው ነበር። አፍንጫዋ እርጥብ ነው፣ ትንፋሿ ግን ትኩስ፣ ሣር ሣር የሚል፤ ጣቶቼ አንድ በአንድ ይላቀቁልኝ ነበር። «በትንፋሻቸው አሞቁት» ሲባል ማንም አላብራራልኝም፣ አላስፈለገኝምም። እህቴ፣ ያንን ሳዪ! ላሟ «ገለባዬን ውሰድ» ከምትል አንገቷን ዝቅ ታድርግ።

ሜሪላንድ የሚኖር አባት፦ እኔ ደግሞ ስለ ቃሉ። ልጄ «ግርግም ምንድን ነው?» ስትለኝ «በረት ነው» አልኳት። ተሳስቼ ነበር፤ ለካ ከብቱ የሚበላበት ገንዳ ነው። ከገንዳው ሥዕል ጎን ቃሉን በትልቁ ጻፊልን። እዚህ ላሉ ልጆች አማርኛውም ከዚህ መጽሐፍ ነው የሚመጣው።

የሦስት ልጆች እናት፦ ሌላም አለ። ሰፈራችን ልጆች ሲሰዳደቡ «አንተ አህያ!» ነው የሚባባሉት። ረቂቁን ያነበብኩላት የመጀመሪያ ልጄ በማግስቱ ወንድሟን «አህያ እኮ ስድብ አይደለም» ስትለው ሰማሁ። ግን ግልገሏን ወዳ ወዳ፣ የገና በግ ግቢ ታስሮ ስታይ «አትረዱት» ብላ አለቀሰች። ምን ልበላት? አባቷ «በዓል ነው» ብሎ ዘጋው። እኔ ግን እንደዚያ ልላት አልቻልኩም፤ በጉን አብረን ውሃ አጠጣነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦ ደግ አድርገሻል። ግልገሏም ትቆይ፤ እረኞቹ በሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ እንደነበር ሉቃስ 2፥8 ይመሰክራል። ከናዝሬት የመጣችው አህያ ላይ ግን አሁንም ቅር ይለኛል።

የመጽሐፉ አዘጋጅ፦ አህያዋን አላወጣትም መምህር፣ ይፍረዱብኝ። መጨረሻ ላይ «አያቶቻችን እንዲህ ነገሩን» የሚል አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ ልጁ አድጎ ወንጌሉን ሲከፍት የትኛው ከየት እንደመጣ ይወቅ። በረዶው ጠፍቷል፣ ቤቱ ዋሻ ሆኗል። ንግግሩን በሙሉ ሰርዣለሁ። ገጽ ዘጠኝ አሁን እንዲህ ይላል፦

«ሌሊቱ በረደ። ላሟ ምንም አላለችም። አህያዋም ምንም አላለች። ቀረብ ብለው፣ ቀስ ብለው ተነፈሱ።»