«ሽማግሌ ሞቷል እንዴ?»

የቧንቧ ውሃዋ፦ ትናንት ማታ አንዲት እህታችን ስሟን ደብቃ እዚሁ ጠየቀች። «ባሌ ከሌላ ሴት ጋር እንደነበረ ደረስኩበት። ትዳሬን ማፍረስ አልፈልግም። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ላይ ባልና ሚስትን አብሮ የሚያማክር ቴራፒስት የምታውቁ ጠቁሙኝ» ነው ያለችው። ይኸው ነው። መልሱ ጎረፈ፤ አንድ ስልክ ቁጥር ግን የለበትም። ላይክ ያጥለቀለቀው መልስ «ሽማግሌ ሞቷል እንዴ?» የሚለው ነው። ልጅቷ ጥያቄዋን አጠፋችው። ማን እንደጻፈው ሁላችንም አይተናል። እስኪ ይምጣና ያስረዳን።

አያ ጦሳ፦ እኔ ነኝ፤ አልደበቅም። እታለም፣ ምን አጠፋሁ? ወሎ እኮ ነው። ደም የተቃባ ሰው አባጋር የሚባሉት አስታራቂ አባቶች ፊት ቀርቦ የሚታረቅበት አገር ነው። ገዳይና የሟች ወገን ታርቀው አንድ ገበያ ይውላሉ። ባልና ሚስት ማስታረቅ ያቅተናል? ገመናን በሰዓት እየከፈሉ ለማያውቁት ሰው መዘርገፍ ምን የሚሉት ሥልጣኔ ነው?

ኮምቦልቻ ነኝ፦ ስለዚህ ሚስትየው እንደ ሟች ወገን ጉማ፣ የደም ካሳ፣ ትቀበል ነው የሚሉት? ስንት ነው ጉማው አያ? በግ ነው በሬ?

የሐይቋ፦ ሽማግሌ አልሞተም፤ ምስክር ነኝ። እኔ ቤት መጥተዋል፣ አራት ሆነው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ ጠጡ። ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ ማሽላው አወሩ። የኔ ነገር የተነሣው በረካው ላይ ነው። «ወንድ ነው፣ ቻይው። አንተም አትድገም» አሉ። መርቀው ሄዱ።

አያ ጦሳ፦ ታዲያ ትዳርሽ ፈረሰ?

የሐይቋ፦ አልፈረሰም። አንድ ዓመት ሆነው። አሁንም ስልኩን ደፍቶ ሶፋው ላይ ባስቀመጠ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። «ለምን ደፋኸው?» ስለው «አሁንም ልታነሺው ነው? በሽማግሌ ያለቀ ነገር እኮ ነው!» ይላል። እርቁ እኔን ዝም ማሰኛ ሆነ።

የቧንቧ ውሃዋ፦ «በሽማግሌ ያለቀ ነገር»! እዚህ ላይ ነው ነገሩ።

የሆጤው ልጅ፦ ሳይኮሎጂ ተምሬያለሁና ልግባበት። ሽማግሌ «ታረቁ» ብሎ ይነሣል። ቴራፒስት የሚሠራው ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንትና ወር ነው። ስልኩን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ሌሊት ድንገት የሚመጣውን ጥያቄ። ጆን ጎትማን የሚባሉ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ከመማገጥ በኋላ ያለውን መንገድ በ3 ይከፍሉታል። መጀመሪያ የበደለው ጥፋቱን አምኖ ይክሳል። ቀጥሎ ሁለቱ እንደገና መደማመጥ ይጀምራሉ። መቀራረቡ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። እኛ ግን በአንድ ቡና ወደ 3ኛው እንዘላለን።

አያ ጦሳ፦ ይክሳል አልክ? ካሳ! ይኸው እንግዲህ! ፈረንጁም ዞሮ ዞሮ እኛ ቤት ገባ። ካሳ የማን ቃል ነው?

የሆጤው ልጅ፦ አያ፣ እዚያ ካሳ ማለት የተበደለችው የምትጠይቀውን ሳይቆጡ መመለስ ነው። ዛሬም ነገም፣ ደግማ ብትጠይቅም። ሙክት አይደለም።

የሐይቋ፦ የኔ ካሳ ሙክት ነበር። ሽማግሌዎቹ ናቸው የበሉት። ወጡንም የሠራሁት እኔ ነኝ።

ኮምቦልቻ ነኝ፦ 😂😂 ወላሂ ይሄን ስክሪንሾት አደርገዋለሁ።

ጠበቃው፦ ሕጉንም አትርሱት። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 652 ማመንዘር የተበደለው ወገን አቤት ካለ ያስቀጣል። በ213/1992 የቤተሰብ ሕግ ደግሞ አንዱ ፍቺ ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች ጉዳዩን እንዲጨርሱ ሊነግራቸው ይችላል። ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም አለ። ስለዚህ ሽማግሌ በሕግ የታወቀ ነው።

የቧንቧ ውሃዋ፦ ልጅቷ «ማፍረስ አልፈልግም» አለች። ቴራፒስት ብትጠይቅ ፖሊስና ዳኛ ላክህላት። ተባረክ።

የሆጤው ልጅ፦ ደግሞ 213 የፌዴራሉ ነው። አማራ ክልል የራሱ አለው፣ 79/1995።

ጠበቃው፦ ሳይኮሎጂስቱ ሕግ ሊያስተምረኝ ነው?

የሆጤው ልጅ፦ ጠበቃው ካልተማረ ምን ይደረግ?

አያ ጦሳ፦ እነዚህን ራሳቸውን አስታርቁልኝ። ሕጉን ተዉት፣ ቁርኣኑ ምን ይላል? አን-ኒሳእ 35፦ ከእሱ ቤተሰብ አንድ ዳኛ፣ ከእሷ ቤተሰብ አንድ ዳኛ። ክርስቲያኑም የነፍስ አባት አለው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

የሐይቋ፦ አያ፣ ከእሷ ቤተሰብ አንድ አሉ? እኔ ቤት የመጡት አራቱም የእሱ ዘመዶች ናቸው።

የቧንቧ ውሃዋ፦ 👏👏 አያ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ያጠፋችው ሴት ብትሆንስ? ሽማግሌ የሚላከው ለእርቅ ነው ለንብረት ክፍፍል?

አያ ጦሳ፦ እሱ ሌላ ነው።

የቧንቧ ውሃዋ፦ ሌላ ነው?

ኮምቦልቻ ነኝ፦ «እሱ ሌላ ነው» 😂 አያ፣ ቲሸርት ላይ ላሳትመው?

የሐይቋ፦ ሌላው ምኑ ነው አያ?

አያ ጦሳ፦ ቃሌን አትጠምዝዙ። ወጉ እንደዚያ ነው ማለቴ ነው። እኔ ደግ ነው አልኩ?

ቧልተኛዋ፦ የቴራፒስት ደጋፊዎችም አትኩራሩ። እኔና ባሌ አንድ አማካሪ ጋ ሄደን ነበር፣ እዚሁ ከተማ። ሦስተኛው ቀን ላይ የባሌ የአክስት ልጅ መሆኑን አወቅን። በሳምንቱ አማቴ ደውላ «ልጄን ስልኩን ታስከፍቺዋለሽ አሉ» አለችኝ። ደሴ እኮ ነው! ፒያሳ ያስነጠስሽውን ሸዋ በር ላይ «ይማርሽ» የሚሉሽ አገር።

አያ ጦሳ፦ አልሐምዱሊላህ! አንድ እውነተኛ ሰው ተገኘ።

ቧልተኛዋ፦ አያ፣ እርስዎም ጋ አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ያደረግነው አዲስ አበባ ካለች ባለሙያ ጋር በስልክ መነጋገር ነው። ኔትወርክ ሲኖር።

የሆጤው ልጅ፦ ለጠያቂዋም የምለው ይህንን ነው። ትንሽ ከተማ ላይ ዝምድናን ቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም። ምን እንደተማረ፣ የሙያ ፈቃድ እንዳለው፣ ጥንዶችን አማክሮ እንደሚያውቅ ትጠይቅ። ለብቻ የሚነገረውን ምስጢር ምን እንደሚያደርገውም እንዲሁ። አንዳንዱ አማካሪ አንዱ የነገረውን ከሌላው አይደብቅም፣ አንዳንዱ ምስጢሩን ይጠብቃል። ይህ ከመጀመሪያው ካልተነገረ በኋላ ሌላ ክህደት ይሆናል። ባልየው ከሌላዋ ሴት ጋር ያለው ግንኙነት ገና ካልተቋረጠ ደግሞ መተማመን መገንባት ከንቱ ድካም ነው። ዱላ ያለበት ቤት ከሆነ ለብቻዋ ትሂድ። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ የተናገረችውን ማታ ቤት ያስከፍላታል።

ጠበቃው፦ «አንዳንዱ አይደብቅም»? ይሄ ነው ባለሙያ?

የሆጤው ልጅ፦ ጠበቃ ስለ ምስጢር ሲያስተምር ደግሞ ደስ ይላል።

ስሟ ያልተገለጸ፦ ትናንት የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም አነበብኩ። አሁንም ስልክ ቁጥር አልሰጣችሁኝም።

ኮምቦልቻ ነኝ፦ የሽማግሌ ነው የቴራፒስት? 🙈

ቧልተኛዋ፦ አንተ ልጅ አርፈህ ተቀመጥ። እህቴ፣ የኔዋን ባለሙያ ቁጥር ኢንቦክስ ላኩልሽ።

አያ ጦሳ፦ ለምን ኢንቦክስ? እዚህ ሰው ፊት ጻፊው፤ ምን የሚደበቅ አለ?

ቧልተኛዋ፦ ገመና ነዋ አያ!