የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በነጻ ሳሉ ለሰላዮች ሙዚየም መክፈል ያዋጣል?

ሜሪላንድ ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የወንድሜ ልጅ ከእናቴ ጋር ለክረምት ከአዲስ አበባ ይመጣል። 13 ዓመቱ ነው። ገና ቪዛው ሳይመታ «ዋሽንግተን ያለውን የሰላዮች ሙዚየም ታሳዪኛለሽ» እያለ በቴሌግራም አድርቆኛል። ችግሩ መግቢያው ይከፈልበታል። ቤተሰቡ ሲደመር ደግሞ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሄዳችሁ ያያችሁ ንገሩኝ፤ እውነተኛ ዕቃ አለው ወይስ ፎቶ መነሻ ብቻ ነው? እናቴስ ምን ታይበታለች?

የቦሌ ልጅ፦
ተይው ባክሽ! የስሚዝሶኒያኑን የአውሮፕላንና የጠፈር ሙዚየም፣ ኤር ኤንድ ስፔስን አሳዪው። ነጻ ነው፣ ሮኬት ያያል። በተረፈው ዶላር ክትፎ ብሉበት።

ራዲዮ ጠጋኙ፦
እህቴ፣ አትስሚው። ውሰጂው።

አገር ቤት ራዲዮና ቴፕ እየጠገንኩ ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ ዓይኔ ወደ ሽቦ ያደላል፣ ይህን ቀንሰሽ አንብቢኝ። ሙዚየሙ በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ተከፍቶ በ2019 ላንፋንት ፕላዛ ወዳለው አዲስ ሕንፃ ገባ። ሰው ሁሉ የሚሰለፈው ጄምስ ቦንድ መኪና ጋ ነው። እሱን እለፉት። ከእንጨት የተቀረጸው የአሜሪካ ንስር ጋ ስትደርሱ ግን ልጁን አቁሚው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1945 የሶቪየት ሕፃናት ለአሜሪካው አምባሳደር ለሃሪማን ይህን ንስር በስጦታ አበረከቱ። አምባሳደሩም ሞስኮ ባለው መኖሪያ ቤቱ ሰቀለው። ሰባት ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያዳምጥ ኖረ! ፈታሾች ቤቱን በተደጋጋሚ በርብረዋል፤ ምንም አላገኙም። ምክንያቱም ውስጡ ባትሪ የለም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለም። ያለው አንዲት ትንሽ የብረት ጣሳ፣ ፊቷ ላይ የተወጠረ ስስ ሽፋንና አንድ ዘንግ አንቴና ብቻ ነው። ሩሲያውያን ከውጭ ኃይለኛ የራዲዮ ሞገድ ይለቁበታል። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሲናገር ሽፋኑ ይርገበገባል፤ ተመልሶ የሚወጣው ሞገድ ንግግሩን ይዞ ይሄዳል። ሞገዱን ሲያጠፉት በቃ፣ ዕቃው የሞተ ብረት ነው። ምን ተብሎ ይፈለጋል?

ኪስሽ ያለችው የሜትሮ ካርድም የዚሁ ዘመድ ናት። ባትሪ የላትም፤ በሩ ላይ ስታስጠጊያት ነው የምትነቃው። ለልጁ እንደዚህ ብትነግሪው ይገባዋል።

የንስሩ ምስጢር የተያዘው በ1952 ነው። የጊዜው አምባሳደር ኬናን ሆን ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደብዳቤ ያጽፋል፤ ቴክኒሻኖቹ ሞገዱን ተከትለው ግድግዳው ጋ ይደርሳሉ። ማዳመጫውን የሠራው ሩሲያዊው ቴርሚን ነው፤ ሳይነኩት የሚጫወት የሙዚቃ መሣሪያ የፈለሰፈው ሰው። እኔ እዚያ ቆሜ ባለቤቴ ጥላኝ ሄዳለች።

እውነተኛ ዕቃ ወይ ላልሽው፤ ንስሩ ቅጂ ነው። በ1978 ለንደን ላይ ቡልጋሪያዊው ጸሐፊ ማርኮቭ በመርዝ ጥይት የተወጋበት ነው የሚባለው ዓይነት ጃንጥላም ቅጂ ነው። በ1940 ሜክሲኮ ውስጥ የሩሲያ አብዮት መሪ የነበረው ትሮትስኪ የተገደለበት የበረዶ መቆፈሪያ ግን ራሱ ነው። ከካፖርት ሥር እንዲደበቅ እጀታው ተቆርጧል።

አርሊንግተን ጎረቤት፦
የፖስታ ሳጥኑን ረሳኸው፣ ጋሼ! የሲአይኤው ኦልድሪች ኤምስ ለሩሲያውያን በጠመኔ ምልክት ያደርግበት የነበረው ሰማያዊ ሳጥን እዚያው ነው። ድሮ ጆርጅታውን 37ኛው ጎዳና ላይ ነበር የቆመው። ሰውዬው እኮ በ1994 የተያዘው እዚሁ እኛ ሠፈር ነው። ለሩሲያውያን ይሰልል የነበረው የኤፍቢአዩ ሃንሰንም በ2001 ቪየና፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ መናፈሻ ድልድይ ሥር ሰነድ አስቀምጦ ሲወጣ ተያዘ። ልጁ ይህን ከሰማ ወደ ቤት ስትመለሱ በየመንገዱ ያለውን የፖስታ ሳጥን ሁሉ መመርመሩ አይቀርም።

አስመራ ያደግሁ፦
ልጄ፣ መኪና ካለሽ ሌላም አለ። እዚያው ሜሪላንድ ፎርት ሚድ አጠገብ የናሽናል ሴኪዩሪቲ ኤጀንሲ፣ ማለትም የሌላ አገር ግንኙነት የሚያዳምጠው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ የምስጢር ጽሑፍ ሙዚየም አለ። ነጻ ነው። ጀርመኖች መልእክታቸውን በምስጢር ይጽፉበት የነበረው ኤኒግማ ማሽን አለበት። ለእናትሽ የሚሆን ወሬም ከዚያ ይወጣል፤ ቃኘው ስቴሽንን ታስታውስ እንደሆን ጠይቂያት። አሜሪካኖች አስመራ ላይ ከ1943 እስከ 1977 የራዲዮ ግንኙነት ያዳምጡበት ነበር። ከተማዋ ከፍታ ላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ትቀርባለች፤ ለራዲዮ የተመቸች። እኛ ልጆቹ የምናውቀው ሙዚቃቸውን ብቻ ነበር። ጆሯቸው ሞስኮ ድረስ እንደሚሰማ ማን ነገረን?

ሜሪላንድ ነኝ፦
ተባረኩ። እናቴማ ወሬ ካገኘች ክፍያውን ትረሳዋለች። ጋሼ፣ ለልጅ የሚከብድ ነገር አለበት?

ራዲዮ ጠጋኙ፦
የምርመራና የማሰቃየት ክፍል አለ፤ ሰው ውኃ እየፈሰሰበት የሚመረመርበትን ዘዴ ያሳያል። የኛ አገር ሽማግሌ ብዙ ነገር አይቷልና እናትሽን ቀድመሽ ንገሪያት። እሷ ካልፈለገች ሁላችሁም በፍጥነት እለፉ።

ልጁ ሲገባ የሐሰት ስምና ተልእኮ ያለው መታወቂያ ይሰጡታል፤ በየማሽኑ እያስነካ ይፈተናል። ይህን አትከልክይው፣ ከሁሉ በላይ የሚወደው እሱን ነው። ዋጋው እንደ ቀኑ ስለሚለያይ ቲኬቱን ኦንላይን ቀድመሽ ግዢ። በመኪና አትሂዱ፤ ሜትሮው ላንፋንት ፕላዛ ያወርዳችኋል። ጉብኝቱ በሊፍት ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች እየወረዱ ነው፤ ለእናትሽ ጉልበትም አይከብድም።