ልጅ ሲያስመልሰው የያዛችሁትን ፕሮግራም ትሰርዛላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ ማታውኑ መልስ ስለምፈልግ ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ለአርብ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የ4 ዓመቱ ልጄ አልጋው ላይ አስመለሰው፤ እስኪነጋ አምስት ጊዜ ተመላለሰበት። ቀን ደግሞ ተቅማጥ ያዘው፣ የመጨረሻው 10 ሰዓት ገደማ ነበር። አሁን እንጀራ በልቶ ሶፋ ላይ እየዘለለ ነው። ትንሿ 9 ወሯ ነው፣ እስካሁን ደህና ናት።

ጭንቄ ፕሮግራሙ ነው። ነገ የጓደኛዬ ልጅ 80 ቀኗ ነው፣ ክርስትና ትነሳለች። ዶሮ ወጡ የእኔ ድርሻ ስለነበር ልጁን እያጠብኩ፣ አንሶላ እየቀየርኩ ሠርቼ ጨርሻለሁ። እሑድ ጠዋት ደግሞ ከአገር ቤት የመጡትን አማቴን ባልቲሞር አኳሪየም ልንወስዳቸው ቲኬት ቆርጠናል። አማቴ «ብርድ ነው የመታው፣ ትንሽ ፌጦ ላቅምሰው» ይላሉ። ባለቤቴ ልጁ ድኗል ባይ ነው። ብቀር ጓደኛዬን ምን ብዬ? ብሄድ ደግሞ እዚያ ቤት የ80 ቀን ሕፃን አለች። ምን ላድርግ?

ነርስ ነኝ (ሲያትል)፦

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። የጻፍሽውን ሳነብ ከልጁ ይልቅ ያስደነገጠኝ ዶሮ ወጡ ነው።

ልጁን ሳላየው በሽታውን በስም አልጠራም፤ ግን በብርዱ ወራት እንዲህ በድንገት መጥቶ በአንድ ሁለት ቀን የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ኖሮቫይረስ ነው። ሰው ለማሳመም በዓይን የማይታይ ቅንጣት ይበቃዋል። ወጡ ሲንተከተክ ቫይረሱ ይሞታል፤ እንቁላሉስ? ቀቅለሽ በእጅሽ ልጠሽ መጨረሻ ላይ አይደል የጨመርሽው? በዚያ ላይ አንቺ ራስሽ ተይዘሽ ሊሆን ይችላል። ከተያዙ በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል። ወጡን አትላኪው፣ ቤት ብሉት።

«ድኗል» ለሚለው ደግሞ፦ ልጁ ዘለለ ማለት ቫይረሱ ወጣለት ማለት አይደለም። በሰገራው ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊወጣ ይችላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት ይዘጋበት የሚል የለም፤ ግን ትውከቱም ተቅማጡም ከቆመበት ሰዓት ጀምረሽ 48 ሰዓት ቁጠሪ። አርብ 10 ሰዓት ከቆመ፣ እሑድ 10 ሰዓት ነው የሚሞላው። ክርስትናውም የእሑዱ ጠዋትም እዚያ ውስጥ ወድቀዋል። ትንሿም ብትያዝ ምልክቱ የሚወጣው በነዚሁ ቀናት ነው። አኳሪየም መሀል ዳይፐር ሲያልፍ አስቢው።

ሳኒታይዘር ላይ አትተማመኑ፤ ይህን ቫይረስ አልኮል ብዙም አይገድለውም። በሳሙናና በውሃ 20 ሰከንድ ያህል እሹት። ወለሉንና ሽንት ቤቱን በበረኪና፦ በአንድ ጋሎን ውሃ ቢያንስ 5 የሾርባ ማንኪያ፣ ቀብታችሁ 5 ደቂቃ ይቆይ። ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት።

ትንሿ ከጀመራት ጡቷን አታቋርጪባት። ፔዲያላይት (በተቅማጥና በትውከት የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ መጠጥ) በየ5 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ስጫት፤ በጡጦ ሙሉ ከሰጠሻት መልሳ ታወጣዋለች። አገር ቤት «ለምለም» የምንለው ዱቄትም ሥራው ያው ነው፣ እማማ ሻንጣቸው ውስጥ ይዘው ከሆነ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጪው። ጁስና ለስላሳ ተቅማጡን ያባብሳል። ማስቆሚያ መድኃኒት ለልጆች በራስሽ አትስጪ። ፌጦውን ለእማማ ለራሳቸው ተዪላቸው፤ የሩዝ ውሃ ላፍላ ካሉ ግን እሰየው።

ዳይፐሯ 6 ሰዓት ያህል ከደረቀ፣ ስታለቅስ እንባ ከሌላት፣ እርግብግቢቷ ከጎደጎደ፣ ደም ካየሽ፣ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከእንቅልፏ አልነቃ ካለችሽ የማንንም ምክር ሳትጠብቂ ሐኪም ቤት ውሰጃት።

አንድ አባት (አትላንታ)፦

ይቅርታ ግን ፈረንጅ ሆንን ልበል? እኛ ዘጠኝ ሆነን ከአንድ ትሪ በልተን ነው ያደግነው። ልጁን ለአያቱ ትተሽ አንቺ ብቻሽን ብቅ ብለሽ ተመለሺ። ክርስትና በየወሩ አይመጣም።

ስደተኛው (ስቶክሆልም)፦

ወንድሜ፣ ትሪውን እኮ እኔም እወደዋለሁ። ግን ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልደት ላይ «ጠዋት ብቻ ነው ያስመለሰው» የተባለ ልጅ መጣ። እንደ ባህላችን ሁሉም አጎረሰው፣ እሱም በዚያች እጁ ሁሉንም አጎረሰ። ሰኞ ዕለት ከተጋበዘው ግማሹ ሽንት ቤት ነበር፣ አሮጊቷ እናቴ ጭምር። ብቻዋን ብትሄድስ? ሌሊቱን ሙሉ ትውከት ስትጠርግ ያደረችው እሷ አይደለችም?

እዚህ ስዊድን ይህ በሽታ የራሱ ስም አለው፣ «ቪንተርክሬክሹካ» ይሉታል፣ የብርዱ ወራት ትውከት እንደማለት። ልጅ ሲታመም ቤት ለሚቀር ወላጅ መንግሥት ከደመወዙ 80 በመቶ ገደማ ይከፍላል፣ ጣሪያ አለው እንጂ፤ ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 120 ቀን። «ቫብ» ነው የምንለው። የካቲት አካባቢ ቢሮው ስለሚራቆት ፌብሩዋሪን በቀልድ «ቫብሩዋሪ» ይሏታል። አሜሪካ ላላችሁት ይህ እንደሌለ አውቃለሁ፣ ላስቀናችሁ አይደለም። ልናገር የፈለግኩት መጀመሪያ ሰሞን «ልጄ ያስመልሰዋል፣ አልመጣም» ለማለት አፌ እንዴት እንደሚተሳሰር ነው። ስዊድኖቹ ግን «እንኳን አልመጣህ» ብለው ያመሰግናሉ። ይሉኝታ ያለብን እኛው ነን። ደውዪላት። ቴክስት አታድርጊ፣ ደውዪ።

የሦስት ልጆች እናት (አሌክሳንድሪያ)፦

ክርስትናውን ስለተነጋገራችሁበት ስለ እሑዱ ብቻ ልበል። እኔ ከኅዳር እስከ መጋቢት ቲኬት መቁረጥ አቁሜያለሁ። ደይኬር ያለ ልጅ ይዘሽ በብርዱ ወራት ቅዳሜን ማመን አይቻልም። ዲሲ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በነፃ ናቸው፣ መካነ እንስሳቱም እንደዚያው፤ ብትቀሪ የሚቃጠል ገንዘብ የለም። መኪና ውስጥ ደግሞ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ሁለት ፎጣና ቅያሪ ልብስ አይጠፋም። ቅያሪው ለአንቺም ጭምር፤ ይህን የተማርኩት ሀይዌይ ላይ ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ማክሰኞ ነው፣ አሁን ገና ነው ስልክ የያዝኩት። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

አርብ ማታውኑ ደወልኩላት። መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ «ዶሮው ቀረ ማለት ነው?» አለችኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ወንድሟ ጠዋት ከሬስቶራንት አዝዞላት ተወጥታዋለች። ቅዳሜ ማታ ትንሿን ጀመራት፣ እሑድ ንጋት ላይ እኔን። አልጋዬ ላይ ሆኜ የክርስትናውን ሰዓት ሳሰላው ቀዝቃዛ ላብ አላበኝ። በማንኪያ ማጠጣቱን አማቴ ተረከቡኝ፤ ስልካቸው ላይ ሰዓት ሞልተው በየ5 ደቂቃው፣ ሌሊቱን ሙሉ። ፌጦውን አላነሱትም፤ የሩዝ ውሃውን ግን አፍልተዋል። ትንሿ ትናንት ከሰዓት ሳቀች፣ ዳይፐሯም ረጥቧል።

ባለቤቴን እስካሁን አልነካውም። ዶሮ ወጡን ለብቻው እየበላ ነው።