ራሺድ ኔዥሜትዲኖቭ ለምን ግራንድ ማስተር ሳይሆን ቀረ?

ነጭ ፈረስ፦

ሰላም የቼዝ ቤተሰቦች። ሰሞኑን ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው የማስበው፣ እስቲ የምታውቁ አግዙኝ።

አብሮኝ የሚጫወት ጓደኛዬ በ1958 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሩሲያ ውስጥ ሶቺ ላይ የተደረገ ጨዋታ አሳየኝ። ነጭ ሌቭ ፖሉጋየቭስኪ፣ ጥቁር ራሺድ ኔዥሜትዲኖቭ። ፖሉጋየቭስኪን አውቀዋለሁ። በሲሲሊያን መከላከያ (የታወቀ የቼዝ መክፈቻ ነው) ውስጥ በስሙ የሚጠራ መስመር አለው፣ ትልቅ ሰው ነው። ሌላኛውን ግን ከዚያ ቀን በፊት በስም እንኳ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጨዋታውን ላላያችሁት ልንገራችሁ። የጥቁር ንግሥት ነጭ ሰፈር ዘልቃ ገብታ ኤች2 በሚባለው ካሬ ላይ ቁጭ ብላለች። የነጭ ንጉሥ ደግሞ ከቤቱ ተባሮ ኢ3 ላይ ሜዳ ወጥቷል። በ24ኛው እንቅስቃሴ ፖሉጋየቭስኪ ሩኩን ኤች1 ላይ አምጥቶ ንግሥቲቱን ያዛት። ማንኛችንም ብንሆን እዚህ ጋ ንግሥታችንን የምናተርፍበትን ቀዳዳ ነው የምንፈልገው። ኔዥሜትዲኖቭ ግን ንግሥቱን እዚያው ጥሏት በሩኩ ኤፍ4 ላይ ያለውን ወታደር በላ። ነጭ ንግሥቲቱን ወሰደ። ሩኩ ኤፍ3 ገብቶ ቼክ አለ፣ ንጉሡም ወደ ዲ4 ወጣ። አሁን ጥቁር ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ንግሥት ሰጥቶ ያገኘው አንድ ወታደር ብቻ ነው፣ እና እንደዚያ ሆኖ ቼክ እንኳ የሌለበት ጸጥ ያለ እንቅስቃሴ አደረገ፤ ቢሾፑን ከኤች6 ወደ ጂ7 መለሰ። በቃ። ነጭ አንድ ትርፍ እንቅስቃሴ አገኘ፣ ግን ምንም ሊያደርግበት አልቻለም። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ሲ4፣ ቢ5፣ ኤ5 እያለ እስከ ሰሌዳው ዳር ተነዳ። ካስል አድርጎ ጂ1 ላይ ተደላድሎ የነበረ ንጉሥ በሌላኛው ጫፍ አለቀለት። በ33ኛው እንቅስቃሴ ፖሉጋየቭስኪ እጅ ሰጠ።

ይህን ካየሁ በኋላ ስለ ሰውየው ፈለግኩ። ከፍተኛ ማዕረጉ ኢንተርናሽናል ማስተር ነው ይላል። ከዚያ በላይ ያለውን የመጨረሻውን ማዕረግ፣ ግራንድ ማስተርን፣ አላገኘም። ይሄ እንዴት ሊሆን ይችላል? እንዲህ የሚጫወት ሰው ምን ጎደለው? የሚያውቅ ካለ በዝርዝር ያስረዳኝ።

የሰፈር ዳማ፦

ወንድሜ፣ ጥሩ ሰው አንስተሃል። እኔ ይሄን ሰው የማውቀው በቼዝ ብቻ አይደለም፣ በዳማም ነው፤ ስለዚህ ከእዚያ ልጀምር።

ራሺድ ታታር ነው። የተወለደው እንደ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ 15 ቀን 1912 አክቲዩቢንስክ ነው፣ የዛሬዋ የካዛክስታን ከተማ አክቶቤ። ወላጆቹን በልጅነቱ አጣ። ሕፃናት ማሳደጊያም ኖሯል። ታላቅ ወንድሙ ካቪ ናጅሚ የታወቀ የታታር ደራሲ ነው። ያደገባትና ዕድሜውን የጨረሰባት ከተማ ቮልጋ ወንዝ ዳር ያለችው ካዛን ነች። በ15 ዓመቱ የካዛን ልጆች ውድድር ላይ 15 ተጫውቶ 15 አሸነፈ። በዚያው ዓመት ዳማ ተማረና እሱም ላይ ከከተማው ቁንጮዎች ተርታ ገባ። በኋላም በቼዝም በዳማም የማስተር ማዕረግ ያገኘ ሰው ሆኗል። ይሄ በጣም ብርቅ ነው።

እኛ ሰፈር ዳማ በቆርኪ ስንጫወት ያደግን ሰዎች የእሱ ቼዝ ቶሎ ይገባናል ብዬ ነው የማምነው። በሩሲያ ዳማ መብላት ግዴታ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ሁልጊዜ የሚያስበው አንድ አብልቶ ሁለት፣ ሁለት አብልቶ ሦስት ስለ መብላት ነው። ያንተን ኃይል ሰጥተህ የሰውየውን ጠጠር ወደምትፈልገው ቦታ ትጎትተዋለህ። አሁን የሶቺውን ጨዋታ በዚህ ዓይን እየው። ንግሥቲቱን ያበላው ሜዳ የወጣውን ንጉሥ ይበልጥ ከቤቱ አርቆ ለመጎተት ነው። ይሄ የዳማ እጅ ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ዕድሜውን ቁጠር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሠራዊት ውስጥ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ 32 ዓመቱ ነው። በሶቪየት ህብረት ውስጥ የነበረችው የሩሲያ ሪፐብሊክ ሻምፒዮን ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነው በ1950 ነው፣ 37 ዓመት ሆኖት። ሌሎቹ ጉልበታቸው ሲቀንስ እሱ ገና መጀመሩ ነበር። ያንኑ ሻምፒዮና በ1951፣ በ1953፣ በ1957 እና በ1958 ደገመው። አምስት ጊዜ ማለት ነው! የሩሲያ ሪፐብሊክ ውድድር ደግሞ እንደ ሌላ አገር ብሔራዊ ውድድር አድርጋችሁ አትዩት፣ ብዙ አገር በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ የሌሉት ዓይነት ተጫዋቾች ናቸው እዚያ ማጣሪያ የሚወድቁት።

ማዕረግ የሚገኘው ግን በዓለም አቀፍ ውድድር ነው። ውጭ አገር ማን ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ተጫዋቹ አይደለም፣ ሞስኮ ያለው የስፖርት ባለሥልጣን ነው። ወረፋው ረጅም ነበር። ከፊት የተሰለፉት የዘመኑ የሶቪየት ቁንጮዎች፣ እነ ስሚስሎቭ፣ እነ ብሮንስታይን፣ እነ ኬረስ ናቸው። ራሺድ በ1954 ቡካሬስት ሄደ፣ ከቪክቶር ኮርችኖይ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፣ በዚያችው አጋጣሚ ኢንተርናሽናል ማስተር ሆነ። አንድ በር ተከፈተለት፣ በአንዱ ገባ። ሌላ በር ቢከፈትለት ኖሮ ብዬ ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሠላሳ ሁለት፦

ጋሼ የጻፉት ትክክል ነው፣ የበሩንም ነገር እስማማለሁ። ግን ጥፋቱን ሁሉ ባለሥልጣን ላይ ብናደርገው ሰውየውን አሳንሰን ያየነው ይመስለኛል።

ኔዥሜትዲኖቭ የሶቪየት ህብረት ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ አምስት ጊዜ ተጫውቷል። እዚያ በር አልተዘጋበትም። ግን አንድም ጊዜ ከላይኞቹ ጋር አልጨረሰም። ለምን? የሶቪየቱ ግራንድ ማስተር ዩሪ አቨርባህ በደንብ አስረድቶታል። ራሺድ ጥቃት ካገኘ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ሚካኤል ታልንም ጨምሮ ማንንም ይገድላል ብሎ መስክሮለታል። በዚያው አንደበቱ ግን የእኔና የእሱ ውጤት 8 ተኩል ለግማሽ አካባቢ ነው ብሏል፣ ለአቨርባህ ማለት ነው። ምሥጢሩም ቀላል ነበር፤ ምንም የሚነካ ነገር አለመስጠት። ጸጥ ባለ ቦታ ላይ ራሺድ ትዕግሥቱ ያልቅና ግርግር ፍለጋ የራሱን ቦታ ያበላሻል።

እኔ ራሴ ይህን በሽታ ስለማውቀው ነው። መከላከል ያደክመኛል። ተቃዋሚዬ ጠጠሩን ሰብስቦ ዝም ሲል እጄን ያሳክከኛል። ስለዚህ የእሱን ሽንፈቶች ሳይ በጣም ነው የሚገባኝ፣ ከድሎቹ እኩል ነው የምወዳቸውም።

ፖሉጋየቭስኪ ራሱ ራሺድን ደርዘን ጊዜ ያህል ሳላሸንፈው አልቀርም፣ ግን ያን አንድ ሽንፈት በሁሉም እለውጠው ነበር እንዳለ ይነገራል። አስቡት፣ አሸናፊው ነው ይህን የሚለው። አንዱን ጨዋታ የሠራውና ደርዘኑን ያሸነፈው ያው አንድ ጠባይ ነው። መከላከል የሚችል፣ አቻ የሚያስቆጥር ራሺድ ቢኖር ግራንድ ማስተር ይሆን ነበር፣ ግን 24ኛው እንቅስቃሴ ላይ ንግሥቱን ይጥላት ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም።

ምዕራፍ፦

ሠላሳ ሁለት፣ ሐሳብህ ገብቶኛል ግን "ጥቃት ብቻ ነው የሚያውቀው" ተብሎ እንዳይቀር። ታልን ስንት ጊዜ እንዳሸነፈው ማንም አልጻፈም እኮ! ሦስት ጊዜ ነው። በ1957 ታል የሶቪየት ሻምፒዮን በሆነበት ውድድር ላይ፣ በጥቁር፣ ከዚያ በ1959 ትብሊሲ፣ ከዚያ በ1961 ባኩ። ባኩ ላይ ታል 25 ዓመቱ ነው፣ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ለቦትቪኒክ ከመለሰ ገና ወራት ናቸው። ራሺድ 48 ዓመቱ ነው። አባትና ልጅ ይሆናሉ። በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ስፓስኪንም አሸንፏል። ታል በ1960 ቦትቪኒክን ሊገጥም ሲዘጋጅ ካጠገቡ እንዲያግዘው የጠራው ማንን ነው? ይህንኑ ሰው ነው፣ ከአሠልጣኙ ኮብሌንትስ ጋር። ያንን ግጥሚያ ታል 12 ተኩል ለ8 ተኩል አሸነፈ። የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን የተነሣ ሰው ምክር የጠየቀውን ሰው ማዕረጉ ምን ይጨምርለታል?

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የቼርኒኮቩ ጨዋታ ነው። 1962፣ ሮስቶቭ። ነጭ ፈረስ፣ ይህን ካላየኸው ዛሬውኑ እየው።

ሲሲሊያን ነው። ጥቁር ኦሌግ ቼርኒኮቭ በ11ኛው እንቅስቃሴ ቢሾፑን ኤፍ6 ላይ አምጥቶ ኤች4 ላይ ያለችውን የነጭ ንግሥት ነካት። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ንግሥቲቱ ኤች6 ትሄዳለች፣ ቢሾፑ ጂ7 ይመለሳል፣ ንግሥቲቱ ኤች4 ትመለሳለች፣ ቢሾፑ እንደገና ኤፍ6። ሁለቱም ተጨባብጠው አቻ። ኔዥሜትዲኖቭ ንግሥቱን አንስቶ ኤፍ6 ላይ ያለውን ቢሾፕ በላበት። በምትኳ ያገኘው ያን ቢሾፕና አንድ ፈረስ ነው። ሌላ ምንም የለም። ማት የለም፣ ቼክ የለም፣ የሚያሳድደው ንጉሥ እንኳ ሜዳ ላይ አልወጣም። ያየው ነገር ቢኖር በጥቁር ንጉሥ ዙሪያ ያሉት ጥቁር ካሬዎች ጠባቂ ማጣታቸውን ነው።

ከዚያ ቀስ ብሎ ሠራ። ፈረሱን ዲ5፣ ቢሾፑን ዲ4፣ ሩኩን በሦስተኛው መስመር በኩል ወደ ንጉሡ ጎን። የቼርኒኮቭ ንግሥት አለች፣ ግን የምትሠራው የላትም። መጨረሻ ላይ አንድ ቢሾፕ ኤፍ7 ላይ ሰዋ፣ ሩኩን ኤች8 ላይ ሰዋ፣ ንጉሡ ሩኩን በላ፣ ፈረሱ ኤፍ7 ላይ ዘሎ ንጉሡንና ንግሥቱን በአንድ ጊዜ ያዘ። በ12ኛው የሰጣትን ንግሥት በ31ኛው ተቀበላት። ይሄ ሁሉ ሲሆን 49 ዓመቱ ነው። ቼርኒኮቭም ተራ ሰው አይደለም፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2000 የአንጋፋዎች የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ይሄን "ጥቃት ይወዳል" በሚል ብቻ ልታስረዳው አትችልም። ይሄ ቦታን ማንበብ ነው።

ሠላሳ ሁለት፦

እሺ፣ ይህን ተቀብያለሁ። የቼርኒኮቩ ላይ የሚታየው ትዕግሥት ነው፣ እኔ የለውም ያልኩት ነገር። ሲያጠቃ ትዕግሥት አለው፣ ሲጠቃ የለውም ብል ይሻላል።

ነጭ ፈረስ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የዳማው ነገር ጨዋታውን እንደገና እንዳየው አደረገኝ። አንድ ነገር ልጨምር፣ እነዚህን ጨዋታዎች እንዴት ነው የምማርባቸው? አይቼ መደነቅ ብቻ አልፈልግም። ደግሞ ከሞተ በኋላ ምን ቀረለት፣ ካዛን ታስታውሰዋለች?

የሰፈር ዳማ፦

ታስታውሰዋለች እንጂ። ያረፈው እዚያው ካዛን ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በሰኔ 1974 በ61 ዓመቱ። ከተማዋ ውስጥ በስሙ የሚጠራ የልጆች ቼዝ ትምህርት ቤት አለ፣ መታሰቢያ ውድድርም ይደረግለታል። እኔን ግን ደስ የሚለኝ ሌላ ነው። በ1953 በታታር ቋንቋ የመጀመሪያውን የቼዝ መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነው። ሩሲያኛ አቀላጥፎ የማያነብ የታታር ልጅ በእናቱ ቋንቋ ቼዝ እንዲማር ብሎ። እኛም አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ ማየት እንዴት እንደምመኝ።

ስለ መማሩ፣ እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ስልክ ላይ አትየው። እውነተኛ ሰሌዳ ዘርጋ። እንቅስቃሴዎቹን ወረቀት ላይ ጻፍና በሌላ ወረቀት ሸፍናቸው፣ አንድ በአንድ ዝቅ እያደረግክ ተጫወት። 24ኛው ወይም 12ኛው ላይ ስትደርስ አቁም። ሻይህን አፍላ። ሃያ ደቂቃ ተቀመጥ። መልሱን አውቀዋለሁ ብለህ አትዝለል፣ ምክንያቱም እንቅስቃሴውን ማወቅና ለምን እንደሚሠራ ማየት ለየቅል ነው። ቦታውን ከተቃዋሚውም ወንበር ሆነህ እየው። እኔ የሶቺውን ቢሾፕ፣ ያን ወደ ጂ7 የተመለሰውን፣ የገባኝ በነጭ በኩል ተቀምጬ መውጫ ስፈልግ ነው። አንድ ሙሉ እንቅስቃሴ አለኝ፣ ንግሥት ተርፎኛል፣ እና የማደርገው የለኝም።

ነጭ ፈረስ፦

ትናንት ማታ እንዳሉኝ አደረግኩ። ጓደኛዬን ጠርቼ የቼርኒኮቩን ዘረጋሁለት፣ ማን እንደተጫወተው ሳልነግረው። 12ኛው ላይ ሲደርስ ብዙም ሳያስብ ንግሥቱን ኤች6 ወሰዳት። አንስቼ ኤች4 ላይ መለስኩለትና እንደገና እይ አልኩት። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር ስንለያይ። ዛሬ ጠዋት ደውሎ "ጥቁሮቹ ካሬዎች" ብቻ አለኝ።